አንገቷን የማትደፋ በቅሎ

የበቅሎ ደላላው የሙላቴ የዘወትር ተግባራት፦

በማለዳ ቤተ ክርስቲያን መሳለም።
ጥርስ ማየት።
ሰኮና ማንሳት።
ጀርባ መዳበስ።
ሻጩን ማስቀነስ።
ገዢውን ማስጨመር።
ሁለቱን ማጨባበጥ።
ያልተጠየቀውን አለመናገር።

ከእነዚህ ከስምንቱ ሙላቴ በአርባ ዓመት የደላላነት ዘመኑ የመጀመሪያውን አልፎ አልፎ ያጓድል ነበር፤ የመጨረሻውን ግን አንድም ቀን አጓድሎ አያውቅም። በደብረ ታቦር የከብት ገበያ የቆመች በቅሎ ሁሉ ዕድሜዋም ነውሯም በእርሱ ልብ ተጽፏል። ገዢ ጥርስ ከጠየቀ ጥርስ ያሳያል፤ ሰኮና ከጠየቀ ሰኮና ያነሣል። ሳይጠየቅ ግን «ይህች ትራገጣለች» ብሎ አፉን የሚከፍትበት ምክንያት ታይቶት አያውቅም። «ዓይን የሰጠ እግዜር ነው፤ ላላየ ሰው እኔ ዓይን ላበድረው?» ይላል።

ሚስቱ ብዙነሽ በዚህ ነገር የራሷ አስተያየት አላት። «እኔንም ሲያገባኝ እንዲሁ ነው። ጥርሱን አሳየኝ፤ ማንኮራፋቱን አልጠየቅሁም፤ አልነገረኝም» ትላለች።

ከገበያው በር ፊት ለፊት፣ ከጎርፍ መውረጃው ቦይ ማዶ፣ የኑሪያ የስልክ ጥገና ሱቅ ይገኛል። ኑሪያ የነጋዴ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ ተመልሳ ስልክ ታድሳለች። መብራት ባለበትና ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ደግሞ፣ ረዳትም አለቃም ሳይኖራት፣ በአሮጌ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ጨዋታ ስትሠራ ሁለት ዓመት አልፏታል። የጨዋታው ስም «ተሻጋሪ» ነው። ተጫዋቹ ሠላሳ ነጥብ ይሰጠዋል። በዚያች ነጥብ እግር፣ አንገት፣ ጆሮ፣ ቆዳና ጭራ እየገዛ አንድ እንስሳ ይገጣጥማል፤ እንስሳው ከከተማ ተነሥቶ ጉና ተራራ እስኪደርስ ሰባት መሰናክል ማለፍ አለበት። ጭቃ አለ፣ የድንጋይ እርከን አለ፣ የእሾህ አጥር አለ፣ በረዶ አለ፣ ውሻ አለ፣ ጠባብ ድልድይ አለ። ሰባተኛው ወንዝ ነው።

በጥቅምት ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙላቴ ባትሪው የደከመ ስልኩን ይዞ ገባ። ኑሪያ ስልኩን ስትፈታ እርሱ ወደ ኮምፒውተሩ አንገቱን አሰገገ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ፍየል ነው፣ ጃርት ነው?»

«ተሻጋሪ ነው፣ አያ ሙላቴ። እኔ ነኝ የገጣጠምሁት።»

«እንዲህ ያለውን ፍጡር ገበያ ብታወጪው ውሻ እንኳ ዞሮ አያየውም።»

«ገበያ አይወጣም፤ ጉና ነው የሚወጣው።»

«በዚህ እግሩ? ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የበቅሎ አጥንት ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝ። ለእኔ ብትሰጪኝ በአንድ ጊዜ አደርሰው ነበር።»

«በሠላሳ ጊዜስ?»

ሙላቴ ሳቀ። «ሠላሳ ጊዜ ምን ያደርግልኛል? ይልቅ ስንት እናስይዝ?»

«በገንዘብ አልወራረድም፤ ሐራም ነው» አለች ኑሪያ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ። «በቃል ግን እንያዝ። ከነገ እስከ ዓርብ በየቀኑ ስድስት ሙከራ አለዎት። ሰባቱን ካለፉ፣ ጨዋታው ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ጽሑፍ ‹የእንስሳት ሊቅ ሙላቴ› የሚል ይሆናል። ካላለፉ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ከንጋት እስከ ማታ፣ የሚያሻሽጡትን እንስሳ ነውር ሁሉ ሳይጠየቁ ይናገራሉ።»

ሙላቴ ቅዳሜን በልቡ አሰላ። በሚመጣው ቅዳሜ አንዲት ዳማ በቅሎ ሊያሸጥ ነበር። በቅሎዋ የአማቹ፣ የብዙነሽ ወንድም የአስናቀ ናት፤ ሰጋር፣ ደረተ ሰፊ፣ እንደ ሙሽራ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ። ገዢዋም ተለይታለች፦ ከጉማራ ወንዝ ማዶ የምትኖረው ወይዘሮ እቴነሽ አይታት ወድዳ፣ ቅዳሜ እመጣላታለሁ ብላ ሄዳለች። አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ ዳማዋ ውኃ ካየች ንቅንቅ አትልም። ይህን ከእርሱና ከአስናቀ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለውም፤ እቴነሽም አልጠየቀችም።

ነገር ግን «የእንስሳት ሊቅ» የሚለው ቃል በጆሮው ገብቶ ልቡን አሞቀው። እንደ ገበያው ወግ ሊጨብጣት መዳፉን ዘረጋ። ኑሪያ ወንድ አትጨብጥምና የመፍቻዋን ጫፍ ዘረጋችለት፤ ሙላቴም መፍቻውን ጨብጦ ሦስት ጊዜ ነቀነቀ። ውሉ ጸና።

ሰኞ ዕለት የሠራት የመጀመሪያዋ እንስሳ እጅግ ያማረች ነበረች። ሃያ ሁለቱን ነጥብ ለአንገት፣ ለዳሌና ለጭራ አውሎት ለእግር የተረፈው ስምንት ብቻ ነበር፤ ጭቃው ውስጥ ሦስት እርምጃ ተራምዳ፣ ጭራዋን እንደ ዘረጋች ተቀበረች። ሁለተኛዋም እንዲሁ ሆነች። በስድስተኛዋ ሙላቴ ከዳሌዋ ሁለት ነጥብ ቀንሶ ወደ እግሯ አዛወረ፤ ሲቀንስ ፊቱ የራሱን ሥጋ የሚቆርጥ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

የሰውየው ችግር ግልጽ ነው። ሥራውን ሁሉ ገዢ ከሚያየው ጀምሮ የሚያስብ ሰው፣ ገዢ በሌለበት መንገድ ላይ ዕውቀቱ ሸክም ይሆንበታል። ሆኖም ሙላቴ ጅል አልነበረም። ማክሰኞ ጭቃውንና እርከኑን አለፈ። ረቡዕ ቆዳ አወፍሮ እሾሁንና በረዶውን አለፈ። ሐሙስ ጭራውን በምሬት አሳጥሮ በተረፈው ጆሮ ገዛ፤ ውሻውን ቀድሞ እየሰማ ጠባቡን ድልድይም ተሻገረ። ዓርብ የቀረው ወንዙ ብቻ ነበር። የእንስሳዋን አንገት ግን አልነካም። አምስት ነጥብ የበላ፣ እንደ ደጋን የተቀለሰ፣ ሽቅብ የቆመ አንገት ነበረ።

በዓርቡ የመጨረሻ ሙከራ ኑሪያ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንገቷን ዝቅ ያድርጉት፣ አያ ሙላቴ።»

«አንገቷን የደፋች በቅሎ ማን ይገዛታል?»

«ወንዙ ገዢ ነው እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ በሥራዬ አትግቢብኝ!»

እንስሳዋ ወደ ወንዙ ገባች። አንደኛውን ድንጋይ ረገጠች፤ ሁለተኛውን ረገጠች። ሦስተኛው ከእግሯ ሥር ነበረ፤ ዳሩ ግን ዓይኗ ከሰማይ ነበርና አላየችውም። ውኃው ወሰዳት። ከሁሉ በኋላ የሰጠመው አንገቷ ነበር።

«ሠላሳ» አለች ኑሪያ።

ሙላቴ የኮምፒውተሩን ገጽ ትክ ብሎ ካየ በኋላ ዓይኑን በበሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ወደ ቦዩ ወረወረ። «ይህን ወንዝ መቼ ነው የሠራሽው?»

«ያን እሑድ ጠዋት፤ አንቱ ከመምጣትዎ በፊት ነው። ቅዳሜ ዕለት አንዲት ዳማ በቅሎ እዚህ ቦዩ ዳር ቆማ፣ አንገቷን ሰቅላ፣ አልሻገርም ስትል አየሁ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ግራ ቀኙን አይቶ በጓሮ በር ይዟት ዞረ። ጥሩ ፈተና ይወጣዋል ብዬ አሰብሁ።» ፈገግታዋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች፣ አያ ሙላቴ።»

ቤት ሲደርስ አስናቀ ተቀምጦ ጠበቀው። ነገሩን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ዋዛ ነው እንዴ? አንተ በስልክ ቤት ወንዝ ሰጥመህ የእኔን በቅሎ ታሰጥማለህ? የልጅ ጨዋታ ነው፤ ተወው!»

«ቃል ሰጥቻለሁ» አለ ሙላቴ።

«ቃል! አንተ?»

ብዙነሽ ከጓዳ ድምፅዋን አሰማች። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እሱ እስከ ዛሬ ምንም ስላልተናገረ ነው ያልጠፋበት። ተወው፣ አንድ ቀን ይናገር።»

ቅዳሜ ንጋት ላይ ሙላቴ ተሳልሞ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ሊታሰር እንደሚሄድ ሰው ገበያው መካከል ቆመ። የመጀመሪያው ገዢ ወደ አንድ አህያ ጠቆመው።

«ይናከሳል» አለ ሙላቴ።

ሻጩ ድንጋይ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ገዢው ግን ፊቱ በራ። «ሌባ አያስጠጋማ!» ብሎ ገመዱን ያዘ።

ሁለተኛዋ በቅሎ ነበረች። «ጥርሷ ስድስት ዓመት ይላል፤ እኔ ዘጠኝ እላለሁ። ግራ ዓይኗም ደክሟል።» ገዢው ጓደኛውን በክርን ጎሸመና በሹክሹክታ፣ ነገር ግን ለሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሙላቴ ያጣጣለውን ሙላቴ ራሱ ሊገዛው ነው፤ ቶሎ በል!» አለው። በቅሎዋ ወዲያው ተሸጠች። እውነትን ለመናገር አርባ ዓመት የዘገየ ሰው፣ እውነቱ እንደ አዲስ ብልሃት ይቆጠርበታል። በማለዳ ሊደበድቡት የነበሩ ሻጮች ፀሐይ ከፍ ስትል ተሰልፈው «እባክህ የእኔንም ስደብልኝ» እያሉ ይለምኑት ጀመር።

ወደ እኩለ ቀን ወይዘሮ እቴነሽ መጣች። ጠንካራ፣ ቀጥ ያለች ባልቴት ናት። አስናቀ ዳማዋን አሳጥቦ አቁሟታል።

«ወይዘሮ እቴነሽ» አለ ሙላቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ይህች በቅሎ ውኃ ትፈራለች።»

እቴነሽ እጇን በወገቧ አደረገች። «ወሬህን ሰምቼ ነው የመጣሁት! ለሌላ ገዢ ቃል ገብተህ እኔን ልታባርር? ደግሞ ለእኔ? በል ፍታልኝ!»

አስናቀ በደስታ ገመዱን ሊፈታ ተጣደፈ። ሙላቴ ባለበት ቆመ። ውሉ «ይናገራሉ» ነበር፤ ተናግሯል። አላመነችም እንጂ አልደበቀም፤ ዕዳው በቃል የተከፈለ ይመስል ነበር። ከቦዩ ማዶ ኑሪያ በሱቋ ደጃፍ ቆማ ታያለች። ሙላቴ ያንን አንገት አሰበ፤ ከሁሉ በኋላ የሰጠመውን። ቀጥሎም ይህችን ባልቴት በጉማራ መካከል፣ በዳማዋ ጀርባ ላይ አሰባት።

«ይከተሉኝ» አለና ገመዱን ከአስናቀ እጅ ነጥቆ ዳማዋን ወደ ቦዩ ሳበ።

ዳማዋ ከቦዩ ዳር ስትደርስ አንገቷን ሰቅላ እንደ ዓምድ ቆመች። ሙላቴ ተሻግሮ ከማዶ ሳበ። አልነቃነቅ አለች። ሁለተኛ ጊዜ በኃይሉ ሲስብ እግሩ አዳለጠውና ከነጋቢው ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ። ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ዳማዋ ከላይ ሆና፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ፣ የማታውቀው ሰው አስመሰለችው።

በዚህ መካከል ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ገዢ አጥታ የከረመች አንዲት አመድማ በቅሎ፣ ሁሉም ሲስቅ ጠባቂ ስላጣች፣ ገመዷን እየጎተተች መጣች። አንገቷ የተሰበረ እስኪመስል ዝቅ ያለ፣ ጆሮዋ የአህያ የሚያህል፣ እግሯ አጭር ነበር። ውኃውን አሸተተች፤ ድንጋዩን አየች፤ በሙላቴ አጠገብ አልፋ ተሻገረችና በኑሪያ ደጃፍ የተጣለ የካርቶን ቁራጭ ትበላ ጀመር።

ሙላቴ ውኃው ውስጥ እንደ ቆመ አፉን ከፈተ። ሠላሳ ጊዜ አልገጣጥማትም ያላት እንስሳ፣ አጥንቷ ሳይጎድል፣ ፊቱ ቆማ ካርቶን ታኝካለች።

እቴነሽም አየች። «ይህችስ? ነውሯ ምንድን ነው?»

«መልክ የላትም» አለ ሙላቴ በሙሉ ልብ። «አንገቷ የተደፋ ነው፤ ጆሮዋ ትልቅ ነው። ለሠርግ አትሆንም።»

«የእኔ ሠርግ እንደሁ አልፏል፤ የቀረኝ ጉማራ ነው» አለች እቴነሽ፤ አመድማዋንም ወሰደች።

ዳማዋን ደግሞ፣ ነውሯን ሰምቶ፣ ቦዩ ዳር ቆሞ አይቶ፣ ወንዝ በሌለበት ሜዳ የሚኖር አንድ ሰው ለበዓል መሄጃ ገዛት። አስናቀ ቂሙን የሚያወርድበት ምክንያት ቢያገኝም እስከ ማታ አኮረፈ።

«አያ ሙላቴ!» ብላ ኑሪያ ጠራችው። «ሠላሳ አንደኛ ሙከራ ልስጥዎት? አሁን የሚያልፉ ይመስለኛል።»

«ሥራ ላይ ነኝ» አለ ሙላቴ፣ የጋቢውን ጫፍ እየጨመቀ። «ቀኑ አልመሸም።»

ከዚያም ወደ ገበያው ተመልሶ የሁለት በሬዎችን፣ የአንድ ፈረስንና የአራት አህዮችን ነውር ሳይጠየቅ ተናገረ። ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻው ገዢ ሄደ። ሙላቴ የአንዱን ቅዳሜ ዕዳ ሙሉ በሙሉ ከፍሏል።