የታቹ ቆዳ ፊት ወዴት ነው?

ከመንዝ የወጣሁ ለት ማታ ወንድሜ ጌታነህ አንዱን ስልቻ በሶ፣ አንዱን ቆሎ ሞልቶ መጣና «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ምግብ የለም ይላሉ» አለኝ። «ያ ሁሉ ሰው ታዲያ ነፋስ ነው እንዴ የሚበላው?» ስለው እየሳቀ የስልቻውን አፍ አጠበቀው። እናንተ እዚያ ያላችሁ ታውቁኛላችሁ፤ እኔን ከአገሬ የሚያወጣኝ ሞት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያወጣችኝ ግን የስምንት ወር ሕፃን ናት።

ልጄ እታገኝ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ትምህርቷን ልታሻሽል ኮተቤ ገባች። ባሏ ሹፌር ነው፣ ዛሬ ሞያሌ ነገ ጋላፊ። እናቷ ነፍሷን ይማረውና የለችም። ታዲያ ሕፃኗን ማን ይያዝ? «አባዬ፣ አንተ ና» አለችኝ፤ መጣሁ።

እዚህ ስደርስ መጀመሪያ የታመመው አንገቴ ነው። በመንገዱ ላይ ለሚያልፈው ሁሉ ጎንበስ እያልኩ «እንደምን ዋላችሁ» እላለሁ፣ የሚመልስልኝ ከአሥር አንድ ቢሆን ነው። ብርዱንስ ብርድ አልለውም። ሰዉ ጃኬት ደርቦ «ኧረ ብርዱ!» ሲል ዝም ብዬ በነጠላዬ አልፋለሁ። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ በኩል የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ የሚወርደው ነፋስ ግን ደስ ይለኛል፤ እሱ ብቻ ነው ሰላም የሚለኝ።

መታወቂያ ላወጣ ወረዳ ሄድኩ። መሸኛዬን ያየው ልጅ ጨዋ ነው፣ ቀና ብሎ ጠየቀኝ።

«የመጡበት ምክንያት?»

«የልጅ ልጄን ልይዝ።»

«ሥራዎስ፣ አባባ?»

«እሱው ነው። ሞግዚት ብለህ ጻፍ።»

«ሞግዚት እኮ የሴት ሥራ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሕፃኗን ላምጣትና ራሷን ጠይቃት።»

ሳቀና «ገበሬ» ብሎ ጻፈ። መልሶ ደግሞ ተጨነቀ። «እርሻዎ የት ነው?» አለኝ። መንዝ አልኩት። «እዚህ ተቀምጠው መንዝን እንዴት ያርሳሉ?» አለኝ።

«እኔም ሌሊት ሌሊት የማስበው እሱን ነው» አልኩት።

አከራያችን ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ደግ ናቸው፣ ግን ለደግነታቸው ሁሉ ደንብ አላቸው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ልብስ አይታጠብም፣ በር አይንኳኳም፣ በቁልፍ ይከፈታል እንጂ። የእንቁጣጣሽ ማግስት ብትመጡ ታለቅሱ ነበር። የበግና የፍየል ቆዳ በየመንገዱ ዳር ተጥሏል። ማንም አይፈልገውም! እኔ፣ የቆዳ ሠሪ ልጅ፣ እንዴት አልፈዋለሁ? አንዱን መልካም የሙክት ቆዳ ይዤ ገባሁ፤ ጨው አድርጌ በግቢው ጥግ ወጠርኩት።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ ወይዘሮ አስካለ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው።

«ቆዳ ነው።»

«ቆዳ መሆኑንማ ጎረቤትም ያውቃል። መቼ ነው መሽተት የሚያቆመው?»

«አገልግል ሲሆን።»

«ለማን?»

«ለእርስዎ።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ወደዚያ ወደ አጥሩ ጠጋ ያድርጉልኝ» አሉና ገቡ። በሳምንቱ ከሾላ ገበያ በቆዳው የሚለበደውን ስፌት ራሳቸው ገዝተው አመጡልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እታገኝ ነሐሴ ላይ ቬክተር ካልኩለስ በሚባለው ትምህርት ወደቀች። ጥቅምት ላይ ድጋሚ ትፈተናለች፣ ከወደቀች ትምህርቱ ቀረ፣ ጠቅልለን ወደ አገር። ካለፈች ገና ሁለት ዓመት። እሷ በጭንቀት ከሳች። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለገብሱ አጨዳ የቀረውን ቀን በጣቴ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሕፃኗን በጉልበቴ ይዤ፣ አገልግሉን እለብዳለሁ። እታገኝ አጠገቤ ደብተሯን እያየች ታለቅሳለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«ግማሽ ኳስ ናት፣ አባዬ። ላይዋ ጎባጣ፣ ታቿ ዝርግ። በቆዳዋ ሁሉ አልፎ ወደ ውጭ የሚፈሰው ስንት ነው ይላል።»

«ቁራሽ በቁራሽ እያየሽ መደመር ነዋ።»

«ኢንቴግራል የሚሉት እሱን ነው! ጎባጣው ለብቻው ሦስት ፓይ፣ ዝርጉ ለብቻው አንድ ፓይ ወጣኝ፤ ስደምራቸው አራት ፓይ መጣ። በሌላ መንገድ፣ ከውስጥ የሚፈልቀውን ስቆጥር ደግሞ ሁለት ፓይ። እኩል መሆን አለባቸው። አምስት ቀን ሆነኝ።»

ፓይ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሥዕሉን ግን አየሁት። በጎባጣው ላይ ትንንሽ ቀስቶች እንደ ጃርት ወስፌ ወደ ውጭ ቆመዋል። ከታች በዝርጉ ላይ ያለችው አንዲት ቀስት ግን ወደ ላይ፣ ወደ ኳሷ ሆድ ታያለች።

ያን ሳይ እጄ ቆመ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ዘንድ ለመጀመሪያ ጊዜ አገልግል ስለብድ፣ የታቹን ቆዳ መሬት አነጠፍኩ። ፊቱ፣ ጠጉር የበቀለበት በኩል ማለቴ ነው፣ ሲያምር ወደ እኔ ወደ ላይ ነበር። ስፌቱን አስቀመጥኩበትና ዙሪያውን ሰፋሁ። አባቴ ገልብጦ አየና «ጎኑን በቆዳው ፊት አልብሰህ ቂጡን ምነው በጀርባው አስቀረኸው?» ብሎ እስኪመሽ አስፈታኝ። ላነጠፈው ሰው ፊቱ ወደ ላይ ነው፣ ለአገልግሉ ግን ወደ ውስጥ ነው።

እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወዲያው አልነገርኳትም። ወስፌዬን አንስቼ አንድ መስመር ሙሉ ሰፋሁ። ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም፤ ያልተማረ ሽማግሌ ነኝ። ዝም ብል ለአጨዳ እደርሳለሁ። እታገኝ ሕፃኗን ወሰደችልኝና እንባዋን በሕፃኗ ራስ ላይ ጠረገች። ያኔ አላስቻለኝም።

«እታገኝ፣ የታቹ ቆዳ ፊት ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ ነዋ። ዝርግ አይደል?»

«ከላይ ሆነሽ ለምታይው ለአንቺ። ለኳሷስ ውጭ በየት በኩል ነው?» ብዬ አገልግሉን ገለበጥኩላት።

ሕፃኗን መልሳ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች። «የደመርኩት መቀነስ ነበረበት! ሦስት ሲቀነስ አንድ፣ ሁለት! ሁለት ፓይ!» ብላ ስትጮህ ወይዘሮ አስካለ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ምን ተወለደ?»

«ሁለት ፓይ!»

«መንታ? እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብለው ሳቁ።

ፈተናው ላይ ግማሽ ኳስ አልመጣም፣ ክዳንና ታች ያለው እንደ ጣሳ ያለ ነገር መጣ። «ሦስቱንም ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞርኳቸው» አለችኝ። አለፈች። አገልግሉን ወይዘሮ አስካለ ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ሄደው ሦስት ሴቶች «ለእኔም» ብለዋል፤ ለቆዳውም አሁን ደንብ ወጥቶለታል፣ ከአጥሩ ሁለት ክንድ።

ዕለቱን ለጌታነህ ደወልኩ።

«አለፈች» አልኩት።

«እሰይ! እሰይ የእኛ ልጅ!» አለ። «እንግዲያው አትመጣማ።»

«ሁለት ዓመት ነው።»

«ነገ ደቦ ነው፣ ጋሼ። ከፊት የምትቆምበትን ቦታ ክፍት ትተነዋል።»

«አትተዉት፣ አንተ ግባበት። ሁለት ዓመት እኮ ምን አላት? ስመጣ እቆምበታለሁ።»

«ገብሱ ግን ሁለት ዓመት አይጠብቅም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። ሕፃኗ ስልኩን ልትነጥቀኝ እጇን ዘረጋች፤ እኔም ሰጠኋት።