ምስጥ የበላው ቀጭኔ

እጄ ሥራ ሲፈታ አልወድም። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ለእንግዳ ስታስረዳ «የኛ ቤት ሰውዬ ካርቶን ካየ እንቅልፍ የለውም» ትላለች። የሒሳብ መምህር ነኝ። ከደጋ ተመድቤ ጋምቤላ ከተማ ስመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ ልመለስ ነበር፤ አሁን ስንተኛ ዓመቴ እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ወሬ እቀይራለሁ። ልጃችን የተወለደችው እዚሁ ነው።

ለልጅቷ በዓል ከሱቅ የተገዛ ጌጥ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ለሁለተኛ ዓመት ልደቷ የገዛነው ሻማ በሙቀቱ ሳይለኮስ አጎነበሰ፤ እኔም ሁለት ሻማ ከእንጨት ጠርቤ ጫፋቸውን ቀይ ቀለም ቀባሁ። ልጅቷ እፍ አለች፤ አልጠፋም። ደግማ እፍ አለች። እስኪደክማት ነፍታ ሲያቅታት አለቀሰች። ለመዋዕለ ሕፃናት ምርቃቷ ደግሞ ጋውኗን ከአሮጌ መጋረጃ ሰፋሁላት፤ ቆቧን ከካርቶንና ከዱቄት ሙጫ ሠራሁ። ሙጫው በላብ ረጥቦ ቆቡን ግንባሯ ላይ አጣበቀው። በፎቶው ላይ ልጆቹ ሁሉ ቆባቸውን ወደ ላይ ሲወረውሩ የኔ ልጅ ብቻ ከነቆቧ ቀጥ ብላ ቆማለች። ባለቤቴ ፎቶውን አይታ «ጨዋ ልጅ ናት» አለች።

ባለቤቴ ነርስ ናት። የምትሠራው ትየርኪዲ፣ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ነው፤ ቤት የምትመጣው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ነው። እዚያ ምግብ ያነሳቸውን የሰው ልጆች ስትመዝንና ክንዳቸውን ስትለካ ትውላለች፤ የራሷ ልጅ የምታድገው ግን እሷ በሌለችበት ነው። ይህ እንደሚያንገበግባት አውቃለሁ። ቀጭኔውን የሠራሁትም ለዚሁ ነበር።

ቀጭኔው ከወለል ተነስቶ እስከ ጣሪያው ግማሽ የሚደርስ የካርቶን ሥራ ነው። ልጅቷ አንድ ዓመት ሊሞላት ሲል ሠርቼ በዱቄት ሙጫ ከጭቃው ግድግዳ ጋር ለጠፍኩት። አንገቱ ላይ የልጅቷን ቁመት አሰምርበታለሁ፤ ከጎኑም የሆነውን እጽፋለሁ፦ የመጀመሪያ እርምጃ፣ የመጀመሪያ ጥርስ መንቀል፣ ስሟን ራሷ የጻፈችበት ቀን። ባለቤቴ ቅዳሜ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ቀጭኔው ነው። አዲስ መስመር ካገኘች በጣቷ ትነካውና «ቢያንስ አንዳችን አይተናል» ትላለች። ይህን ስትል ደስ ይለኝ ነበር። ትንሽም ይኮሰኩሰኝ ነበር፤ ምክንያቱ ይመጣል።

ቀጭኔውን ስለጥፍ ጎረቤታችን በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ነበር። አኙዋ ናቸው፤ በዕድሜ እናቴን ያህላሉ፤ እዚህ ተወልደው እዚህ የኖሩ ሴት ናቸው። «አስተማሪ፣» አሉኝ፣ «ይሄ ዱቄት ነው?»

«ሙጫ ነው እማማ።»

«ዱቄት ነው። ምስጥ ዱቄት ይወዳል። ግድግዳም ይወዳል። አንተ ሁለቱን አንድ ላይ ሰጠኸው።»

ከላይ ቀለም ስለምቀባው ችግር እንደሌለ አስረዳኋቸው። ረጅም ማብራሪያ ነበር። እሳቸውም አዳምጠው ሲጨርሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው ነገሩ።

መከራው የመጣው ልጅቷ ሰባት ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጅቷ ልደት ዕለት ፈቃድ አግኝታ ነበር። አዲሱን መስመር በራሷ እጅ ልታሰምር ነው። ቀጭኔው አምሮ እንዲጠብቃት ብዬ አቧራውን በጨርቅ ስጠርግ ጣቴ በደረቱ በኩል ገባ። ከውስጥ ምንም የለም። ምስጡ ካርቶኑን ከእግር እስከ ጆሮ ጨርሶ ቀለሙን ብቻ ትቶልኝ ነበር። ጠረግ ሳደርገው ስድስት ዓመት ሙሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ካርቶን ፈለግሁ። በሁለት ቀን ሁለተኛውን ቀጭኔ ሠርቼ ጨረስኩ። መስመሮቹ የት የት እንደነበሩ ስለማላስታውስ፣ የማውቃቸውን ሁለት ልኬቶች ይዤ የቀሩትን በስሌት ሞላኋቸው። ይህን ተማሪዎቼ ቢያደርጉት ዜሮ ነው የምሰጣቸው። መስመሮቹን ካሰመርኩ በኋላ ምስጥ እንዳይደርስበት ቀጭኔውን ብሎኬት ላይ አቆምኩት። ከስህተት መማር ማለት ይሄ ነው ብዬም ረካሁ።

በልደቷ ዕለት ባለቤቴ መጣች። አዲስነቱን አላስተዋለችም። ልጅቷን ከቀጭኔው ጎን አቆመቻትና አናቷ ላይ ደብተር አጋድማ እርሳሷን አነሳች። እርሳሱ አየር ላይ ቀረ።

ሰባት ዓመት የሞላት ልጃችን አራት ዓመቷ ላይ ቆማ ነበር።

የብሎኬቱን ቁመት አልቀነስኩም። የሒሳብ መምህር ነኝ።

የባለቤቴ ፊት ተለወጠ። ያን ፊት ቤት ውስጥ አይቼው አላውቅም ነበር፤ የሥራዋ ፊት ይመስለኛል። የልጅቷን ክንድ ከላይ በኩል በጣቶቿ ዙሪያውን ያዘች፤ እዚያ የሰው ልጆች ክንድ እንደምትይዘው። እንዲህ አስደንግጫት አላውቅም፤ አፈርኩ።

«አጠርኩ እንዴ?» አለች ልጅቷ።

ባለቤቴ ወደ ታች ስታይ ብሎኬቱን አየችው። እጇ ለቀቅ አለ። «አላጠርሽም። ሂጂ ተጫወቺ» አለቻት። ልጅቷ እስክትወጣ ጠብቃ ወደ እኔ ዞረች።

«የበፊቱ የት ሄደ?»

«ምስጥ በላው።»

«እና እነዚህ መስመሮች?»

«አሰላኋቸው።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ከሁሉም በታች ያለውን መስመር፣ የመጀመሪያ እርምጃ የሚለውን አሳየችኝ። «ግድ የለም» አለች። «እሱን አንተ አይተኸዋል። በስልክ የነገርከኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ከበሩ እስከ ጀሪካኑ፣ እጇን ዘርግታ፣ እየሳቀች። ወረፋ የያዙ እናቶች መሐል ሆኜ ነው የሰማሁት። መስመሩ ቢጠፋም አንተ አለህ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ስድስት ዓመት ዝም ብያለሁ።

«አላየሁትም» አልኳት። «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። የቀጭኔውን አንገት እያጣበቅሁ። ዞር ስል ተቀምጣለች፤ ጎረቤታችን ያጨበጭባሉ። ምን ሆነ ብዬ ስጠይቃቸው ሄደች አሉኝ። ሌላውን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«ጀሪካኑስ?»

«ጀሪካኑም።»

የአልጋ ልብሱን ጠርዝ ማጣጠፍ ጀመረች። እንዲህ ስትሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር እጠግን ነበር። «ስድስት ዓመት ቀንቼብሃለሁ» አለች በመጨረሻ። ተነስታ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና ወደ ጎረቤታችን ግቢ ሄደች። ተከተልኳት።

እማማ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው ከባሮ ወንዝ የመጣ ዓሣ ቅርፊት ይገፍፋሉ። ባለቤቴ ሰላምታ ሰጥታቸው አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ልጅቷ መጀመሪያ የሄደች ቀን ምን እንዳዩ እንዲነግሯት ለመነቻቸው። እሳቸው ቢላዋቸውን ሳያስቀምጡ እኔን አየት አደረጉኝ፤ ከዚያ ለእሷ ነገሯት።

«ከበር ወጣች። ሦስት እርምጃ ሄደች። ወደቀች። አላለቀሰችም። ተነሳች፣ አባቷን አየች። አባቷ ካርቶን ይዟል። ቆመች። ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።»