ሰባተኛው «ነገ»

አዳማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ አንድ ናት፤ ለደንበኛ ያልኩት «ነገ» ግን ቢደረደር ላንጋኖ ይደርሳል። አንድ የሰርግ ሰሞን፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሰባት ጊዜ «ነገ» ያልኳቸው እናት በርጩማ ይዘው መጥተው ደጃፌ ላይ ተቀመጡ።

«ምነው እማማ?»

«እሁድ ሞጆ ላይ ልጄን እድራለሁ። ቀሚሴን ሳልይዝ አልነሳም!»

ከዚያ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ «መቼ ነው የምትለብሰው?» እያሉ ይጠይቁልኝ ጀመር። እኔ ጠይቄ አላውቅም፤ የምሰፋው አብዝቶ ለጮኸ ነበር። ለካ በዚያ ሳምንት የሚለበሰው አራት ልብስ ብቻ ኖሯል! የእሳቸው አራተኛው ሆነ፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አስረከብኳቸው።

«በርጩማውስ እማማ?»

«እዚሁ ይቀመጥ። አመልህ ሲነሳ እመጣለሁ።»