ሥጋ የማትበላው የእሳት ወፍ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ወንበሬን አውጥቼ ብርቱካን ስልጥ፣ አንድ አሞራ መጥቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያመንኩትን ነገር ነጥቆኝ ሄደ። ብርቱካኑን ግን አልነካብኝም። አሞራ እንኳን የሚንቀኝ ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ከድጃ ከወሎ የመጣች፣ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ቅዳሜና እሑድ ከቤቴ በር አጠገብ ከሰል አቀጣጥላ፣ ሥጋ በእንጨት ስንጥር እየሰካች ትጠብስና ታክሲ ተራው ጋ ወስዳ ትሸጣለች። ኮሪደር ላይ ከሰል ማቀጣጠል በብሎካችን የተከለከለ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሽታውን ስለምንወደው ሁላችንም ዝም እንላለን።

ከድጃ ሚጥሚጣ ልታመጣ ወደ ቤት ስትገባ፣ “አባባ፣ ሥጋውን ይዩልኝ” አለችኝ። እኔም አየሁላት። ሲሄድ ጭምር አየሁላት። መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ ነፋስ ተሰማኝ፤ ከዚያ ሰፊ ክንፍ አየሁ፤ ከዚያ አንዱ ስንጥር ከነሥጋው ወደ ሰማይ ወጣ። የስንጥሩ ጫፍ ይነዳል። አሞራው ከሆዱ ሥር እሳት አንጠልጥሎ፣ ፀሐይ ከኋላው ሆና የክንፎቹን ዳር እያቀላችው፣ አንድ ጊዜ ብሎኩን ዞረ። ሙቀቱ እግሩን ለብልቦት መሰለኝ፣ ሥጋውን መንጭቆ ስንጥሩን ለቀቀው። ስንጥሩም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፀሐይ እንዲመታው የተሰጣ ፍራሽ ላይ አረፈ።

የፍራሹን እሳት የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች በሁለት ባልዲ ውሃ አጠፉት፤ የትሪ ስፋት ያለው ቀዳዳ ቀረ። የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ደረጀ ግን እሳት ጠፋ ብሎ ነገር የሚተው ሰው አይደለም።

“አሥር ሰዓት ላይ ሁላችሁም ታች ትሰበሰባላችሁ!” ብሎ ከግቢው ጮኸ። “ይኼ ከሰል ዛሬ ከኮሪደር ካልተነቀለ እኔ ደረጀ አይደለሁም!”

ከድጃ ሚጥሚጣዋን እንደያዘች ከቤት ወጣች። ያ ከሰል ከተነቀለ ልጆቿ የሚበሉት እንደሌለ እሷም እኔም እናውቃለን።

“አባባ፣ ምንድን ነው የሆነው?” አለችኝ ቀስ ብላ።

“ወፍ ነው” አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ልክ ይህንኑ ቃል ሃያ ዓመቴ ላይ ተናግሬው ነበርና። ያኔ ግን ውሸቴን ነበር። ቢያንስ እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ ውሸቴን ነበር።

ስብሰባው ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ብርቱካኔን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ወደ ገርጂ ተመለስኩ፤ የዛሬው ገርጂ ሳይሆን የያኔው።

በዚያ ዘመን ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጎቴ ቤት ተጠግቼ እየኖርኩ፣ ገርጂ በሀጂ ሙሄ የጭድና የድርቆሽ ግቢ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። የዛሬ ልጆች ገርጂ ሲባሉ የሚታያቸው ካፌና ሕንፃ ነው። ያኔ ከሃያ ሁለት በእግር ስትነሱ መጀመሪያ አስፋልቱ ያልቃል፣ ቀጥሎ ቤቱ ያልቃል፣ በመጨረሻ ጫማው ሊያልቅ ይደርሳል። ከጥምቀት በኋላ ባለው ደረቅ ወቅት አቧራው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ የተወቃ ጤፍ ሽታ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ አይወጣም። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን ሲያልፍ የጋሪ ፈረሶቹ እንኳን ቀና አይሉም ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ ቀና እላለሁ፤ በመስኮቱ የሚያየኝ ሰው ያለ ይመስለኝና ፀጉሬን አስተካክላለሁ። እንደዚያ ያለ ቂል ነበርኩ። ሲጋራም አጨስ ነበር።

ሀጂ ሙሄ የወሎ ሰው፣ ረጅም፣ ቃላቸውን እያጣጣሙ የሚናገሩ ነበሩ። በግቢያቸው አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፤ ሲጋራ የሚባል ነገር በሩን አያልፍም። በግቢው ውስጥ የሚታወቀው እሳት የእትዬ ዘነበች ምድጃ ብቻ ነበር። እትዬ ዘነበች ባላቸው የሞቱባቸው፣ ለእኛ ለሠራተኞቹ ምሳ እያበሰሉ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ሀጂ፣ “ዘነበች፣ ያን ምድጃ ከአጥሩ ወዲያ አድርጊው” ሲሏቸው፣ “እሺ ሀጂ፣ ነገ” ይላሉ። ያ ነገ ዓመት ሞልቶት ነበር።

የዚያን ዕለት ቅዳሜ ነበር፤ የገና ጾም ካለቀ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ዘነበች ሥጋ በጭራሮ እሳት ላይ እየጠበሱ ያበሉናል። በልቼ ስጨርስ ትልቁ የጭድ ክምር ጀርባ ሄድኩና ሲጋራዬን ለኮስኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ የሀጂ ሙሄን ሳል ሰማሁ። ሲጋራዋን መሬት ጥዬ ረገጥኳት። ረገጥኳት እላለሁ። የጫማዬ ሶል ቀዳዳ ስለነበረ ሲጋራዋ በቀዳዳው አምልጣኝ እንደሆነ እግዜር ነው የሚያውቀው። ከዚያ ጥርሴን እየፋቅሁ፣ ንጹሕ ሰው መስዬ ወደ በሩ ሄድኩ። ብዙም ሳይቆይ “እሳት!” የሚል ጩኸት ተሰማ።

ክምሩ ከአናቱ ይነድ ነበር። ይህችን “ከአናቱ” የምትለውን ቃል ያዙልኝ። እኔ ያኔ አልያዝኳትም።

ሌሎቹን ክምሮች አዳንናቸው። ትልቁ ግን አመድ ሆነ፤ የሀጂ ሙሄ ነጭ ጀለቢያም ጠቆረ። ከዚያ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ምድጃው ዞረ።

“ነገ ነገ ስትል ይኸው!” አለ አንዱ።

“ከዚህ ግቢ ትውጣ! ሁላችንንም ልታነደን ነው እንዴ?” አለ ሌላው።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

“ወፍ ነው! እሳት የያዘች ወፍ! ክምሩ ላይ ስታርፍ በዓይኔ አይቻታለሁ!”

ከየት እንዳመጣኋት አልደብቃችሁም። ከእሳቱ በፊት በነበረው እሑድ መሪጌታ ልሳኑ የሚባሉ የአጥቢያችን አዋቂ፣ ከቅዳሴ በኋላ ፊንክስ ስለምትባል የእሳት ወፍ ሲያስተምሩ ጥግ ቆሜ ሰምቼ ነበር። ግማሹን አንቀላፍቻለሁ። የቀረው ግማሽ ለክፉ ቀን ደረሰልኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ከግቢው በር ላይ ካለው ግራር ሥር ተቀመጡ፤ ሀጂ ሙሄ፣ መሪጌታ ልሳኑና ጋሪ ነጂው ኦቦ ቶሎሳ። እትዬ ዘነበች ከግቢው ይውጡ ወይስ ይቆዩ የሚለው ነው ጉዳዩ። እኔ መሐል ላይ ቆምኩ። ከሁሉም የቸኮሉት መሪጌታ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያነቧት የኖሩ ወፍ ገርጂ መጣች ሲባሉ እንዴት አይቸኩሉ!

“ልጄ፣ በክንፎቿ ሽቱ ይዛ ነበር?”

“አዎ መሪጌታ፣ ሸቶኛል።”

“ምን ምን ይላል?”

ትምባሆ ልል ምንም አልቀረኝም። “ጥሩ ጥሩ ይላል” አልኩ።

“እሷ ናት!” ጭናቸውን መቱ። “አምስት መቶ ዓመት ትኖራለች። ጊዜዋ ሲደርስ ክንፎቿን ሽቱ ሞልታ መሠዊያ ላይ ትወጣና ራሷን ታቃጥላለች። በማግስቱ ከአመዱ ትል ይወጣል፤ ትሉ ላባ ያበቅላል፤ በሦስተኛው ቀን እንደ ጥንቱ ሆና ካህኑን እጅ ነስታ ትበራለች። በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት።”

“እንግዲያው የሀጂ ጭድ መሠዊያ ሆነ በሉኛ” አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

ሀጂ ሙሄ አልሳቁም። “እኛም ዘንድ አለች። አንቃ ይሏታል። አንገቷ ረጅም፣ ፊቷ የሰው ፊት የሚመስል፣ ከቃፍ ተራራ ወዲያ የምትኖር። ዝሆን አንስታ ትሄዳለች ይባላል።” ወደ እኔ ዞሩ። “ለመሆኑ ምን ታክላለች ልጄ?”

መሪጌታ በሁለት እጃቸው የንስር ያህል አድርገው ያሳዩኛል። የሀጂ ደግሞ ዝሆን ታነሳለች። “መካከለኛ ናት” አልኩ። የመሪጌታ ወፍና የሀጂ ወፍ መካከለኛ ምን እንደሚያክል እስከ ዛሬ አላውቅም።

“እኔም አምና በአራብሳ በኩል አይቻታለሁ” አሉ ኦቦ ቶሎሳ ድንገት። “አውራ ዶሮ ታክላለች። ጭራዋ ቀይ ነው። ፈረሴም አይቷታል፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ እምቢ ብሎኛል።”

ግራ ገባኝ። ትናንት እኔ የፈጠርኳት ወፍ አምና አራብሳ ምን ትሠራ ነበር? ይብስ የገረመኝ ግን አንዱም የሌላውን ወፍ ሐሰት ነው አለማለቱ ነው። መሪጌታ የሀጂን ወፍ ቢነኩ ሀጂን መንካት ሊሆን፣ ሀጂም የመሪጌታን ቢነኩ እንደዚያው። ስለዚህ ተቻቻሉ።

“ከአመድ ገና የወጣች ከሆነች ዶሮ ብታክል አይገርምም፤ ታድጋለች” አሉ ሀጂ።

“ፊቷም የሰው ይመስል እንደሆነ ማን ቀርቦ አየ” አሉ መሪጌታ።

ነገሩ አልቆ ልንነሳ ስንል እትዬ ዘነበች ብድግ አሉ።

“እኔም አይቻታለሁ። ከምድጃዬ ላይ ሥጋ ከነጭራሮው ነጥቃ ሄደች። ጭራሮው ይነድ ነበር። ክምሩ አናት ላይ ስትደርስ ጣለችው።”

ክው አልኩ። እሳቸውን ከዚያ ምድጃ ለማራቅ ስንት ተራራ ያስዞርኳትን ወፍ ራሳቸው መልሰው ምድጃው ላይ አሳረፏት!

ያዳኗቸው መሪጌታ ናቸው፤ ተቆጥተው። “ፊንክስ ሥጋ አትበላም!”

“በላች አላልኩም መሪጌታ፣ ነጠቀች ነው ያልኩት።”

“አትነጥቅም! ምግቧ የሰማይ ጠል ነው።”

“አንቃም ብትሆን የሰው ጥብስ አትሰርቅም” አሉ ሀጂ፣ ቅር ብሏቸው።

“ኧረ እኔ ስሟን አላውቅም” አሉ እትዬ ዘነበች። “ያየሁትን ተናግሬያለሁ።” ተቀመጡ።

ፍርዱ ተሰጠ። እሳቱ የሰው እጅ የለበትም። እትዬ ዘነበች ይቆያሉ፤ ምድጃው ግን ለማንኛውም ከአጥሩ ወዲያ ይሁን። የእኔ ምስክርነት ከነሽቱው ተቀባይነት አገኘ፤ የእሳቸው ለወፏ ክብር አይመጥንም ተብሎ ተጣለ።

በሳምንቱ ስኳር ገዝቼ ቤታቸው ሄድኩ። ሲጋራውን ሳጨስ እንዳዩኝና እኔን ለማዳን እንደዋሹ እርግጠኛ ነበርኩ።

“እትዬ ዘነበች፣ ለእኔ ብለው ስለዋሹ እግዜር ይስጥልኝ።”

ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። “የምን ውሸት?” አሉ።

ሳቅሁ። እንዴት ያሉ ብልጥ ናቸው አልኩ በልቤ፣ ለእኔ እንኳን አያምኑም! እሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመናቸው ነው። እኔ ግን በየሠርጉና በየለቅሶ ቤቱ ይህን ታሪክ ስናገር ኖርኩ፤ ገርጂ ውስጥ አንደኛ ውሸታም እኔ፣ ሁለተኛዋ እትዬ ዘነበች እያልኩ።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት አሞራው እሳት ይዞ ሲዞር አየሁ። እሳቸው እውነታቸውን ነበር? እንደዚያ ከሆነ እኔ ውሸት ብዬ የተናገርኩት በእውነት የሆነን ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አላውቅም። ምድጃቸውን ሊያስነቅልባቸው የሚችል እውነት ተናግረው የተቀመጡ ሴት ዘንድ ሄጄ ስለዋሹ አመስግኛቸዋለሁ፤ በስኳር። ወይስ ሲጋራዬ ነበረች? ክምሩ ከአናቱ ነበር የነደደው። ግን ጭድ ነው፣ ከሥር ቢነሳም አናቱ ላይ ለመድረስ ምን ይፈጅበታል? እንዲህ ስል አሥር ሰዓት ሞላ። ብርቱካኔ ጉልበቴ ላይ ደርቋል።

ታች ስወርድ አቶ ደረጀ የኮሚቴውን ደብተር ይዞ መሐል ቆሟል። ከድጃ ትንሹን ልጇን ታቅፋ ጥግ ይዛለች።

“ፍራሹን ያቃጠለው እሳት ከየት መጣ?” አለ ደረጀ።

እውነቱ አፌ ላይ ነበር፤ ወፍ ነው። ደረጀ ግን መሪጌታ አይደለም። ወፏ እሳቱን ከየት አመጣችው ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያን ከጠየቀ ደግሞ የከድጃ ከሰል ጋ ይደርሳል። አፌን ከፈትኩ።

“እኔ ነኝ። ሲጋራዬ ነው።”

“አባባ፣ እርስዎ ሲጋራ ከተዉ ስንት ዘመንዎ!”

“ዛሬ ጀመርኩ።”

“በዚህ ዕድሜ?”

“ከዚህ በላይ ልቆይ እንዴ?”

ሰው ሳቀ። ደረጀ አልሳቀም። እኔን አየኝ፣ ከድጃን አየ፣ ፍራሹን አየ፣ ከዚያ ደብተሩን ዘጋ። ለእንግዳ ያስቀመጥኩትን ፍራሽ ለሦስተኛ ፎቅ እንድሰጥና አንድ ወር ሙሉ ኮሪደር ላይ ወንበር እንዳላወጣ ተፈረደብኝ። ስለ ከሰል ማንም አላነሳም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሌላ ሰፈር የምትኖረው ልጄ ጋ ደርሷል፤ ስልክ ደውላ እስክትጮህብኝ ድረስ ፎቁን ወጥቼ አልጨረስኩም።

አመሻሹ ላይ ከድጃ በሳህን ሁለት ስንጥር ጥብስ ይዛ መጣች።

“አባባ፣ ለእኔ ብለው ስለዋሹ አላህ ይስጥልኝ።”

“የምን ውሸት?” አልኳት።

ሳቀች። ያቺን ሳቅ አውቃታለሁ፤ የምስር ትሪ ፊት ቆሜ እኔው ነኝ የሳቅኋት።

ሥጋው የእስላም ነው የክርስቲያን ብዬ አልጠየቅሁም፤ አሞራውም አልጠየቀም። ከመብላቴ በፊት ግን ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ። መሪጌታ ይቅር ይበሉኝና፣ ወፏ ሥጋ ትበላለች።