አንድ ጉርሻ ያጣላል

ዛሬ እንጅባራ፣ የጎረቤት ልጅ ክርስትና ላይ፣ የእማማ የሺን እጅ ከነጉርሻው አየር ላይ ያዝኩት።

ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እማማ የእናቴ እኩያ ናቸው፤ እንኳን እጃቸውን መያዝ፣ ጉርሻቸውን እንቢ ማለትም ነውር ነው።

ግን በመጀመሪያው ጉርሻ ልጄ ማርታ ትን ብሏት፣ ገና መተንፈሷ ነበር። አራት ዓመቷ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ አንገቷ ስላልጸና መዋጥ ይከብዳታል። እማማ ደግሞ «አንድማ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ጠቅልለው መጡ። (እኔን ከጠየቃችሁ፣ የመጀመሪያው ብቻውን ሊያጣላን በቂ ነበር።)

«ክሳቷን እያየሽ ትከለክያታለሽ?» አሉኝ ፊታቸው ጠቁሮ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ፈርቼ ከድግስ ስቀር ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።

«እማማ፣ እርስዎ ያጉርሷት፤ እኔ አሳይዎታለሁ» አልኳቸው።

ልጄን ቀጥ አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና አገጯን ዝቅ አደረግኩ። ከቤት የያዝኩትን በወተት የላመ ድንችና ትንሿን ማንኪያዋን ሰጠኋቸው። «ግማሽ ማንኪያ ብቻ። እስክትውጥ ይጠብቁ።»

ጠበቁ። አብረዋት አፋቸውን እየከፈቱ፣ አብረዋት እየዋጡ ሳህኑን አስጨረሷት።

ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረው፣ «ይቺ ልጅ የምትጎርሰው በማንኪያ ነው፤ ሰምታችኋል?» አሉ።

ከእንግዲህ ከድግስ አንቀርም፤ ማንኪያችንን ይዘን እንመጣለን።

እናንተስ፣ ልጃችሁን ለማብላት የማንን እጅ መያዝ ነበረባችሁ?