ባለቤቴን ንባብ ያስተማርኩበት ክረምት

ይህ የሆነው ጣልያን በወጣ በጥቂት ዓመቱ፣ እዚሁ ጎንደር ነው። ሰው መምህርነቴን ባመሰገነ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሰው ባያመሰግነውም እኔው ስለማመሰግነው ቶሎ ቶሎ ትዝ ይለኛል።

ያን ጊዜ ፒያሳ አጠገብ የሴቶች የስፌት ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ተባለ። ባለቤቴ አንጓች የስፌት መኪና በአንድ ሱቅ ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ነገር ግን ማንበብ የማትችል አትመዘገብም፤ ምዝገባው ደግሞ ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ብቻ ነው። መምህር አግብተሽ ምን ያሳስብሻል አልኳት። ሃያ ዓመት ሙሉ የደብሩን ልጆች ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው ነኝ። ሚስቴን ማስቆጠር እስከዚያን ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም እንጂ።

ክረምቱን አስተማርኳት፤ በደንቡ መሠረት ነው ታዲያ። በትምህርት ሰዓት ባሏ ሳልሆን የኔታ ነኝ። የኔታ ደግሞ ከተማሪ ጎን አይቀመጥም። ስለዚህ እኔ ከአትሮንሱ ወዲህ፣ እሷ ወዲያ። ያለን መጽሐፍ አንድ ዳዊት ነው፤ እሱም የሚዞረው ወደ መምህሩ ነው። እንዳታቆሽሽብኝም መንካቱን ከልክያታለሁ። እኔ በስንደዶ ስጠቁም እሷ ከማዶ እየተከተለች፣ ጳጉሜን ሳይገባ ታንበለብለው ጀመር። በቃሏ ይዛው እንዳይሆን ገጽ እየዘለልኩ ፈተንኳት፤ አልተሳሳተችም። ችሎታዬን ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ።

በምዝገባው ቀን አጅቤያት ሄድኩ፤ ምስጋናዬን በአካል ተገኝቼ ልቀበል። ወጣቱ ጸሐፊ ስሟንና ዕድሜዋን መዝግቦ አንድ መጽሐፍ ገልጦ ሰጣት። አንጓች አየችው፤ ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ መጽሐፉን ዘቅዝቃ ያዘችው።

ጸሐፊው ሳቀ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶችም ሳቁ። እኔ ግን ገና ያኔ ገባኝ። ከመምህሩ ማዶ የተቀመጠ ሰው ፊደሉን የሚያየው ተዘቅዝቆ ነው፤ አንጓች ደግሞ በሕይወቷ ከዚያ በቀር መጽሐፍ አላየችም። ላቤ ከጥምጥሜ ሥር ወረደ። ጥፋቱ የኔ ነው በማለት ፈንታ ጥምጥሜን ማስተካከል ያዝኩ።

ጸሐፊው መጽሐፉን ከእጇ ወስዶ መዝገቡ ላይ አንድ ነገር ጫረና ሌላ ጊዜ እንድትመጣ ነገራት። አንጓች አልተነሳችም። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ወደ ጸሐፊው የዞረውን መዝገብ ከጠረጴዛው ማዶ እያየች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ አነበበች፦

«አንጓች። ዕድሜ ሠላሳ አንድ። ፊደል ያልቆጠረች።»

ከዚያ ቀና አለች። «ፊደል ካልቆጠርሁ፣ ይኸን ማን አነበበልዎት?»

ጸሐፊው መዝገቡን አየ፤ እሷን አየ። የጻፈውን ሰርዞ ተቀበላት።

ወደ ቤት ስንመለስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ደጃችን ስንደርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ከነገ ጀምሮ ከጎንዎ ነው የምቀመጥ፣ የኔታ።»

አሁን በሁለቱም በኩል ታነባለች፤ እኔ በአንዱ ብቻ። ደብዳቤ ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እየሰፋች፣ ቀና ሳትል ስሕተቴን ትነግረኛለች። የለበስኩት ሁሉ የእሷ እጅ ሥራ ነው። ሰው ማን አስተማራት ሲል እኔ ነኝ ማለቴን አልተውኩም። ግን ያን ዳዊት አንድ ቀን እንኳ ወደ እሷ ባዞረው ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር እያልኩ፣ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።