ሃምሳ ሜትር ላይ የሚበላ ምሳ

ሴትዮዋ ክሬን ነጂ ናት። ከመሬት ሃምሳ ሜትር ርቃ፣ እግር እንኳ በማታስዘረጋ የመስታወት ካቢን ውስጥ ተቀምጣ ብረትና ሲሚንቶ ስታወጣ ስታወርድ ትውላለች። የሕንፃው ሠራተኞች «አሞራ» ይሏታል። መሰላሉ ጉልበት ስለሚጨርስ ጠዋት አንዴ ከወጣች የምትወርደው ሥራ ሲያልቅ ነው። ምሳዋንም እዚያው ትበላለች፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ሥጋ በዳቦ ነበር።

ነገር የመጣው በባሏ በኩል ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ደረቱን ወጋ ወጋ ቢያደርገው ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ሐኪሙም «ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ሁሉንም ተው» ብሎ አሰናበተው። እንደተፈረደበት ሰው አንገቱን ደፍቶ ቤት ገባ።

«አይዞህ፣ ብቻህን አትቀጣም» አለችው። «እኔም ትቻለሁ።»

አፏ ይህን ሲናገር ሆዷን አላማከረም።

በማግስቱ ሰላጣና ቲማቲም ከትፋ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ጠቅጥቃ ወጣች። በስድስት ሰዓት በላችው። በሰባት ሰዓት እህል በአፏ ያልዞረ መሰላት። በስምንት ሰዓት ሆዷ ከሞተሩ በላይ ይጮኽ ጀመር። ወሬው በሬዲዮ መሬት ሲደርስማ ጉድ ፈላ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ፎርማኑ ነበር።

«አሞራ ሥጋ ተወች! በቃ፣ ስምንተኛው ሺህ ገባ!»

በአራተኛው ቀን አላስችል አላት። ሬዲዮዋን አነሳችና ታች ያለውን ጭነት አሳሪ ተለማመጠችው።

«ወንድሜ፣ በሞቴ፣ ከግቢው በር ላይ ሙዝ ግዛና መንጠቆው ላይ አንጠልጥልልኝ!»

አሳሪው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ቢሆንም አንጀቱ አልቻለም፣ ስድስት ሙዝ በፌስታል ቋጥሮ ሰቀለላት። አምስት ቶን የሚያነሳው ክሬን ስድስት ሙዝ አንጠልጥሎ ሽቅብ ተጓዘ። ግንበኞቹ ሥራ አቁመው አጨበጨቡ። ሙዙ ግን ከመስኮቷ ሦስት ሜትር ርቆ ቀጥ አለ። መንጠቆው ከዚያ ወዲህ እንደማይጠጋ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ራብ አስረስቷት ነው። ሙዙ በነፋስ ሲወዛወዝ ጥቂት አየችውና ምራቋን ውጣ መልሳ አወረደችው።

«ክሬኑን ለሙዝ ነው የተከራየነው?» ብሎ ፎርማኑ በሬዲዮ ጮኸ።

ማታ ይህን ለአማቷ ነገረቻቸው። አማቷ የአዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና ምሳ ዕቃዋን ከፍተው ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ቅጠል ለፍየል ነው። ሆድ የሚይዘው ጥራጥሬ ነው። ከጎኑ ድንች ወይ ሩዝ አድርጊ። በዘይት አትሰስቺ። የሚታኘክም ነገር አይጥፋ፤ ጥርስ ሳይደክም ሆድ ጠገብኩ አይልም።»

ያን ምሽት ሽምብራ ዘፈዘፉ። ሲነጋ ቀቅለው፣ ግማሹን ደፍጥጠው በተወቀጠ ለውዝ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ አሹት። የተጠበሰ ድንች ጨመሩበት፤ ካሮትና ቃሪያ ጥሬውን ተቆረጠ፤ ቲማቲሙ ዳቦውን እንዳያረጥበው ለብቻው ታሸገ። የምስር ሾርባ በፔርሙዝ ገባ። የመጀመሪያ ቀን ክዳኑን በደንብ ስላላጠበቀችው ሾርባው መሰላሉ ላይ እያለች በጀርባዋ ወረደ። የተረፈውን በላች፤ እስከ ማታም ሆዷ ትንፍሽ አላለም።

በወሩ ፎርማኑ ካቢኑን ሊፈትሽ ወጣ። ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ነፋሱ ተነሣና መውረድ ተከለከለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀመጡ። የእሱ ምሳ ታች ቀርቷል። ፊቱ ሲገረጣ አይታ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች።

«አለቃ፣ ይብሉ እንጂ።»

«ሣሩን?»

«ይቅመሱት።»

ቀመሰ። ደገመ። ከዚያ ወዲያ ማንኪያውን አልመለሰላትም፤ እሷ በዳቦ እየጠረገች በላች።

«ሥጋ የለበትም?»

«የለበትም።»

«ቅቤስ?»

«ኧረ ምንም!»

«ታዲያ ምን ሆኜ ነው የጠገብኩት?» አለና ቀበቶውን አላላ። ቆይቶ ከኪሱ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። የሐኪም ወረቀት ናት፤ የባሏ ዓይነት ትእዛዝ፣ ከተጻፈ ስምንት ወር የሆነው።

«ለሚስቴ እንኳ አላሳየሁም» አለ ወደ ውጭ እያየ። «ራቡን ፈራሁ። ደግሞ ሰዎቹ ይስቁብኛል አልኩ።»

የመጀመሪያው ሳቂ እሱ እንደነበር ልታስታውሰው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጠችው። በሬዲዮ ማስታወሻ ደብተሯ ጀርባ ሽምብራው ስንት ሰዓት እንደሚዘፈዘፍ ጻፈችለትና ገጹን ገንጥላ ሰጠችው። በሳምንቱ ፎርማኑ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ መጣ። አንድም ሰው አልሳቀም፤ በአለቃ ማን ይስቃል?

ባሏ በሦስተኛው ወር ተመረመረና «ቀጥልበት» ተባለ። ደስ ብሎት ሲገባ፣

«አንቺ እንኳ ሥጋ ብትበዪ አልቀየምሽም፤ ቃልሽን ጠብቀሻል» አላት።

ጫማዋን እየፈታች ነበር። የቀደመ ምሳዋን ለማሰብ ሞከረች፤ ከሰዓት በኋላ እንዴት ዓይኗ ይከብድ እንደነበር ብቻ ትዝ አላት።

«ተወኝ ባክህ» አለችው። «ይልቅ ተነሥና የነገውን ምስር ልቀም።»